በጸሎቴ ያባረርኳትን ምራቴን ለመመለስ ቦምቤ የሄድኩበት መንገድ

ዓመቱን በእርግጠኝነት ልነግራችሁ አልችልም። በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ የቱ እንደሆነ ግን ከልጄ ከጳውሎስ ጋር ስንከራከር ብዙ ጊዜ እራት በርዶብናል። እኔ ክረምቱ ገና ሲገባ ነው እላለሁ፣ እሱ ደግሞ በቆሎው እሸት ደርሶ ነበር ይላል። ስለ እሸቱ እሱን እመኑት። ስለ ጭቃው ግን እኔን እመኑ፤ ውስጡ ነበርኩ።

በዴሳን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከሶዶ በታች ነው፣ ሞቃት ነው፣ በቆሎ እናበቅላለን። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከወጣ በኋላ አማኞች በከፈቱት የንባብ ትምህርት ነው። ፊደሉ የአማርኛ ስለነበር በወላይትኛ የኖርኩትን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ስሳሳት እለፉኝ። ሳነብ በጣቴ እየተከተልኩ ነው፣ አንድ ምዕራፍ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። በጸሎት ግን ማንም አይቀድመኝም ነበር። በጸሎት ቤታችን ሽማግሌ አድርገው ሲመርጡኝ ምክንያታቸው የጸሎቴ ርዝመት ነው። እኔም ትሑት ሰው መሆኔን ለሁሉም እናገር ነበር።

የጉዞው ምክንያት ይህ ነው። እኛ ዘንድ አማት ምራቱን ፊት ለፊት አይገሥጽም፤ ነውር ነው። ምራትም የአማቷን ስም አትጠራም፣ ዓይኑንም ቀና ብላ አታይም። ታዲያ ወጡ ላይ ጨው ሲበዛ ምን ይደረጋል? እኔ መላ አግኝቼ ነበር። ጠዋትና ማታ ቤተሰቡ ሲንበረከክ ለጌታ እነግረዋለሁ። «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ቤት ጨው የምታበዛውን እጅ አንተ ለክተህ ያዛት» እላለሁ። «ጥጃዋ ገመዷን ፈትታ ወተቱን ስትጨርስ ሌላ ቦታ የነበረችውን ልጅ አንተ አስባት» እላለሁ። የጳውሎስ ሚስት ታደለች ተንበርክካ «አሜን» ትላለች። አሜን ካለች ምክሩን ወደደችው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ በጸሎት ቤት፣ ጉባኤው ሁሉ ባለበት፣ ጮክ ብዬ «በቤቴ ያለችውን እንቅልፍ የምትወድ አንዲት ነፍስ ቀስቅስልኝ» ብዬ ጸለይኩ። ስም አልጠራሁም፤ በዚህም ጥንቃቄዬ ኮራሁ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ በቤቴ ከታደለችና ከላሟ በቀር ሴት እንደሌለ ግን ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። ላሟ ደግሞ ማልዳ ነው የምትነሳው።

በማግስቱ ታደለች ልብሷን በነጠላ ጠቅልላ ቦምቤ ወደ አባቷ ወደ አቶ ቶማ ቤት ሄደች።

አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ስጠብቅ እንዲመልሳት ጸለይኩ፣ ጥፋቷንም እንዲያሳያት ጨመርኩበት። ሰኞ ማታ ጳውሎስ ፊቴ ቆመና «አባባ» አለኝ፣ «እርስዎ በጸሎት አባረሯት፣ በእግርዎ ሄደው ይመልሷት። ቅዳሜ ከሰዓት ለወንጂ ሠራተኛ የሚጭን መኪና ይመጣል። እሷ ካልተመለሰች እኔ ሸንኮራ ልቆርጥ እሄዳለሁ።»

ከሰፈራችን ወንጂ የሄዱ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው እስካሁን መንገድ ያያሉ። እኔ ያለኝ ልጅ አንድ እሱ ነው።

ማክሰኞ። በትሬን፣ ጥቂት የተቆላ በቆሎና በጨርቅ የጠቀለልኩትን መጽሐፌን ይዤ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ከበዴሳ ወደ ሶዶ ስትሄዱ የዳሞታ ተራራ ቀኑን ሙሉ ከፊታችሁ ነው፣ ብትሄዱ ብትሄዱ አይቀርብም። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ «ወዴት ነው?» ይለኛል። «ለመንፈሳዊ ጉዳይ» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉውን ግን አልነበረም።

ሶዶ ልገባ ስል ዝናብ ያዘኝ። በዴሳ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ይሞቃል፤ ሶዶ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል። ያደርኩት ወንድም ባሳ በሚባል አማኝ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዝናቡ ሲመታው ሰው ከሰው አይሰማማም። መሬቱ ላይ አዲስ ሰሌን ተነጥፏል። እኛ ቤት ሰሌን የሚነጠፈው እንዲረገጥ ስለሆነ ረግጬው ገባሁ።

ወንድም ባሳ አንድ ቃል አልተናገረኝም። አቀፈኝ፣ አስቀመጠኝ፣ ራት ሲቀርብ «እንጸልይ» አለ። «ጌታ ሆይ» አለ፣ «እንግዳን ስላመጣህልን እናመሰግንሃለን። ከበር ውጪ የእግር መጥረጊያ ጆንያ እንዳለ ላላዩት ዓይናቸውን ክፈት። ሰሌኑን የሸመነችውን የባለቤቴን እናት አስባት፣ አሮጊት ናት፣ ሁለተኛ አትሸምንም።»

ዓይኔን ጨፍኜ እግሬን ከሥሬ ሰበሰብኩ። ጸሎቱ ሲያልቅ «አሜን» አልኩ። ምን ልበል? ለምን እንደዚያ ጮክ ብዬ እንዳልኩ አላውቅም፣ ከባሳ ቤተሰብ ሁሉ እኔ በለጥኩ። የቀረበውን ሽሮ ጣዕሙን ሳላውቀው ዋጥኩት።

ከራት በኋላ የባሳ ሚስት ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። አልጸለየችም። «ቁስል አለብዎት አባባ» አለችና ቅባት ቀባችኝ። ጋቢዬንም ጨምቃ እሳት ዳር ሰቀለችልኝ።

ረቡዕ። ከሶዶ ወደ አረካ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ሹፌሩ አጠገብ ጋቢና ውስጥ አንድ ጸሐፊና አንዲት ወፍራም ነጋዴ ተቀመጡ፣ እኛ ከጨው ጆንያ ላይ ሆንን። አጠገቤ ቆዳ የሚነግድ ሰው አለ፣ አቶ ወልዴ ይባላል፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ኦርቶዶክስ ነው። ጥቅል ቆዳው ይሸታል። ሰውየው ግን ጨዋ ነው፣ ከነፋሱ በኩል አስቀመጠኝ።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ረዳቱ ሁሉንም አስወረደና «ግፉ» አለ። እኔ ዕድሜዬንና ሽማግሌነቴን አስቤ ዳር ወጥቼ ባርኔጣዬን አውልቄ ስለ መኪናው መጸለይ ጀመርኩ። ከጎማው ጀምሬ ወደ ሞተሩ ስደርስ ረዳቱ መጣ።

«አባባ፣ ጸሎቱ ለማን ነው?»

«ለመኪናው ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው በትከሻዎ ይጸልዩለት» አለኝ።

ሰው ሳቀ። አቶ ወልዴ ግን ሳይስቅ «ይምጡ፣ እኔ ጋ ቦታ አለ» ብሎ ጠራኝ። ገፋን። መኪናው ድንገት ሲወጣ እኔ በፊቴ ተደፋሁ፣ አቶ ወልዴ በጋቢዬ ጎትቶ አነሳኝ። የባሳ ሚስት ያጠበችው እግር ብቻ ሳይሆን ጢሜም ጭቃ ሆነ። መኪናው የወጣው በጸሎቴ ይሁን በትከሻዬ እስካሁን አላወቅሁም፤ በጸሎት ቤታችን ስመሰክር ግን በጸሎት ነው ብያለሁ።

አረካ ስንደርስ አቶ ወልዴ «እህቴ ቤት እናድራለን፣ ነገ ቦምቤ አብረን እንወርዳለን» አለኝ። እህቱ ጭቃዬን አይታ የባሏን ልብስ ሰጠችኝ፤ ሱሪው ከጉልበቴ ትንሽ ወረድ ይላል። ቀኑ ረቡዕ ነውና የሚጾሙ ናቸው፤ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡ። ዳጣው ከበዴሳው ይበልጥ ያቃጥላል። ለሽማግሌ ክብር ብለው «ይባርኩልን» አሉኝ።

ባረክሁ። ስለ ቤቱ፣ ስለ እህቲቱ፣ ስለ ቆዳ ንግድ፣ ስለ አረካ ሕዝብ፣ ከዚያ ስለ ጃንሆይ ጸለይኩ። ወደ ውጭ አገሮች ልሻገር ስል አቶ ወልዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ የእኛ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልቋል» አለኝ፣ «የእርስዎ ጸሎት እስከ ነገ ሊያስረዝምብን ነው።»

እህቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጎደሬው በርዷል፣ ሲበርድ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ከበላን በኋላ አቶ ወልዴ «ቦምቤ ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ።

«ለመንፈሳዊ ጉዳይ።»

«የቶማ ልጅ አማት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

የጎደሬውን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ከቶማ ቤት ቆዳ እገዛለሁ» አለ። «ልጅቷ መጥታለች። በዱላ የተባረረች ሚስት ብዙ አይቻለሁ። በጸሎት የተባረረች ግን የመጀመሪያዬ ናት።»

ሐሙስ። ጠዋት እንደ ልማዴ መጽሐፌን ዘረጋሁ። ጣቴ የደረሰው መባ ይዘህ ስትመጣ የተቀየመህ ሰው ትዝ ካለህ መባውን አስቀምጥና መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚለው ትምህርት ላይ ነው። ይህን ቦታ ለስንት ሰው አስተምሬበታለሁ። ያን ጠዋት ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ደስ አለኝ። «ሂድ» ይላል፣ እኔ ደግሞ እየሄድኩ ነው። መታረቁን ለእሷ ተውኩት።

ከአረካ ወደ ቦምቤ በእግር ነው። አገሩ ከእኛ ይለያል። እኛ ጋ ከሩቅ ሰው ይታያል፤ እዚያ ግን ቤቱ ሁሉ ከእንሰት ውስጥ ስለሆነ ጭሱን አይታችሁ ነው ሰው መኖሩን የምታውቁት። ሴቶች ወንዝ ዳር ዝንጅብል ያጥባሉ። «ደህና ዋላችሁ» ስላቸው ቀና ብለው ሱሪዬን ያዩና ይሳሳቃሉ። የሚያስቃቸው ሱሪው ይሁን ወሬዬ ቀድሞኝ ይሁን አልጠየቅሁም።

አቶ ወልዴ በየቤቱ ቆዳ ሲያይ ስንቆም ቆይተን ወደ ማታ የአቶ ቶማ ቤት ደረስን። አቶ ቶማ እንደ እኔ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው፣ በርዝመት የሚፎካከረኝ ሰው ነው። አቀፈኝ፣ አስቀመጠኝ። ለሽምግልና የተጠሩ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። አቶ ወልዴም ስለ ቆዳው ሊነጋገር መጥቶ በሩ አጠገብ፣ ከጎኔ ተቀመጠ። ታደለች ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለች ስታስል ሰማሁ። የታደለች እናት በቅቤና በአይብ የታሸ ቆጮ በትልቅ ገበታ አመጣች፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም ነበር።

አቶ ቶማ «እንጸልይ» አለ።

«ጌታ ሆይ፣ ልጃችንን ለክርስቲያን ቤት ሰጥተን ነበር። ቤቱ እንዴት ያለ እንደሆነ አንተ ታያለህ። ጸሎቱ ረጅም ፍቅሩ አጭር የሆነውን ሰው አስተምርልን።»

ጎረቤቶቹ «አሜን» አሉ። እኔ ዓይኔን ሳልከፍት ቀጠልኩ። «ጌታ ሆይ፣ ሴት ልጅን ማልዶ መነሳት ሳያስተምሩ የሚድሩትን ወላጆች ይቅር በላቸው።»

ጎረቤቶቹ ለዚህም «አሜን» አሉ፤ ማንንም ማስቀየም አልፈለጉም።

«ጌታ ሆይ» አለ አቶ ቶማ፣ «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ምን እንደሆነ የረሳውን ሽማግሌ አስበው።»

ይኸኛው አመመኝ። ዓይኔን ይበልጥ ጨፈንኩ። «ጌታ ሆይ፣ እንግዳን ቤቱ አስገብቶ የሚወጋውን ሰው…» እያልኩ ስጀምር አቶ ወልዴ በጎኔ ጠጋ ብሎ «ቅቤው እየረጋ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

በዚህ ጊዜ ገበታው ሲነሳ ሰማሁ። ዓይኔን ብከፍት የታደለች እናት ቆጮውን አንስታ ቆማለች።

«እግዚአብሔር ሰምቷል» አለች። «ያልሰማችው ልጄ ናት።»

«አንቺ፣ እየጸለይን እኮ ነው» አለ አቶ ቶማ።

«እየተሰዳደባችሁ ነው። ለጸሎቱ ከሆነ እኔም እንበረከካለሁ። ለስድቡ ግን ቆጮዬን አላቀዘቅዝም።» ወደ መጋረጃው ዞረች። «ታደለች፣ ነይ ውጪ። አማትሽ የሚነግሩሽ አላቸው።»

አንዱ ጎረቤት «ፊት ለፊት? ነውር አይደለም ወይ?» አለ።

«ጉባኤ ፊት ስንፍናዋ ሲነገር ነውር ያልሆነ፣ አሁን ይቅርታ ሲጠየቅ ነውር ይሆናል?» አለች። ገበታውን ወደ እሳቱ መለሰችው።

ታደለች ወጥታ ቆመች፣ መሬት መሬት ታያለች። ከስታለች። እኔ ለመናገር ተነሳሁ። በጉባኤ ፊት ያለ ወረቀት ብዙ የተናገርኩ ሰው ነኝ፤ አፌ ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ጌታ ሆይ» አልኩ።

«ስሟ ታደለች ነው» አለች እናቷ።

እንደገና ሞከርኩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን…»

«ታደለች።»

አቶ ወልዴ ወደ ውጭ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ጌታን ማናገር ይቀለኝ ነበር፤ እሱ መሬት እያየ አያለቅስም።

«ታደለች» አልኩ። ከልጄ ጋር ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ስሟን በፊቷ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። «ልጄ፣ አሳፍሬሻለሁ።»

እሷም ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ውሃ ስቀዳ እጸልይ ነበር» አለች። «እንጨት ስለቅምም። ማንም አይሰማኝም፣ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የእርስዎ ድምፅ ይመጣብኛል። ጥፋቴን የሚነግሩት ይመስለኛል። ከዚያ እሑድ ወዲህ ጸሎት ትቻለሁ።»

እኔ እሷን ስለ ማልዶ መነሳት የማስተምር ነበርኩ፤ እሷ ከእኔ ቀድማ ተነስታ፣ እንስራዋን አዝላ፣ ያለ ድምፅ ስትጸልይ ኖራለች። ያንን ነው የወሰድኩባት። በሕይወቴ ብዙ ሰው ወደ ጸሎት ጠርቻለሁ እያልኩ የምመካ ሰው፣ አንዷን ከጸሎት አስወጥቻለሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«በድዬሻለሁ» አልኳት። «ሁለተኛ ስለ አንቺ በጸሎት አፌን አልከፍትም። ይቅር በይኝ።»

«ጨው ቢበዛስ?» አለችኝ።

«ጨው በዝቷል እላለሁ።»

«ለማን?»

«ለአንቺ።»

«መልሱን ነገ እነግርዎታለሁ» አለችና ወደ መጋረጃው ተመለሰች።

አቶ ቶማ «እንግዲህ ስለ ነገው…» ብሎ እጁን ሊያነሳ ሲል ሚስቱ አየችው፤ እጁን አወረደ። «ዛሬ ስለ እሷ ማንም ድምፅ አውጥቶ አይጸልይም» አለች። ቆጮው ሞቆ ተመለሰ። አቶ ወልዴ አማተበና ጎረሰ፣ እኛም ጎረስን። በዚያን ያህል አጭር ጸሎት በልቼ አላውቅም፣ ምግቡም ትኩስ ነበር።

ከበላን በኋላ አቶ ቶማ አጠገቤ መጥቶ «ስለ ባለቤትህ ያልኩት ልክ አይደለም» አለኝ፣ ዓይኑን ከፍቶ።

«ስለ ወላጆች ያልኩትም» አልኩት። ሁለታችንም ደከመን፤ ሰውን በቀጥታ ማናገር ያደክማል።

ዓርብ። ያቺን ሌሊት አልተኛሁም። እሷ እንቢ ካለች ለጳውሎስ ምን እንደምለው ሳስብ ነጋ። ስወጣ ታደለች ጥቅሏን ይዛ ደጅ ቆማለች። እናቷ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አሲዛታለች፣ ለእኔም የአቶ ቶማን ሱሪ ሰጥታኛለች። እሱ ደግሞ ይረዝመኛል። «ከእሷ ኋላ ይሂዱ» አለችኝ፣ «ፊት ፊት ከሄዱ በእርምጃዎ ትሮጣለች።»

በአገራችን ሽማግሌ ከምራቱ ኋላ አይሄድም። ሄድኩ። ዝንጅብል አጣቢዎቹ አይተው ሥራቸውን አቆሙ። አረካ የአቶ ወልዴ እህት የሰጠችኝን ልብስ መለስኩ፤ አጥባ ያደረቀችው የእኔ ልብስ ተጣጥፎ ጠበቀኝ። ወደ ሶዶ የተሳፈርንበት ያው መኪና በዚያው ቦታ ሰመጠ። ረዳቱ አየኝ፣ እኔም ሳልናገር ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁ። ሶዶ ወንድም ባሳ ቤት አደርን። እግሬን ጆንያው ላይ ጠርጌ ስገባ ወንድም ባሳ ስለዚህ በስፋት አመሰገነ።

ቅዳሜ። ከሶዶ ወደ በዴሳ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ እኔ ግን ፀሐዩን እያየሁ ነበር የምሄደው። በመሃል ታደለች እሾህ ወጋት፤ ተቀምጣ ስታወጣ እኔ ከእግሬ ወደ እግሬ እቀያየራለሁ። «ይቅደሙ» አለችኝ። «ከኋላሽ ሂድ ተብያለሁ» አልኳት።

ገበያው ዳር ስንደርስ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ወጣቶቹ ከላይ ተጭነዋል። ጳውሎስ ጥቅሉን በትከሻው ይዞ ከኋላው በር አጠገብ ቆሟል፣ አንድ እግሩ ብረቱ ላይ ነው። አየን። እግሩን አወረደ። መጥቶ የሷን ጥቅል ተቀበለና ከራሱ ጥቅል ጋር አንድ ላይ ተሸከመው። ከመኪናው ላይ አንዱ «ጳውሎስ፣ ትቀራለህ?» ብሎ ጮኸ። ዞር ብሎም አላየውም።

ማታ ታደለች ወጥ ሠራች። ጨው በዝቶበታል። «ታደለች» አልኳት፣ «ጨው በዝቷል።» «እሺ» አለች። በቃ፣ አለቀ።

ከዚያ ተንበረከክን። በደህና ስላገባን አመሰገንኩ፣ ስለ ልጄ አመሰገንኩ። ለዚህ ያበቃችኝን ሴት በስሟ ላነሳ ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ «የታደለች እናት» ስላት ኖሬ ስሟን ጠይቄ አላውቅም። ዓይኔን ከፈትኩና በጸሎት መሃል «እናትሽ ማን ይባላሉ?» አልኳት። ታደለች ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋን በቤቴ ስሰማ ያ መጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮ ባሎቴ ይባላሉ።